ሰባት ቤት ሳይሞላ

ያንን ነጠላ ዜማ ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ማሲንቆውን ከሬጌ ምት ጋር አጋብቶ፣ ላዩ ላይ የሕንድ ፊልም የመሰለ ዋሽንት ጭኖበት፣ «ሰባት ቤት ሳይሞላ፣ ፍቅራችን ተበላ» እያለ ያላዝናል። ያን ሰሞን ከዳባት ደባርቅ የሚመላለስ ሚኒባስ ሁሉ የሚከፍተው እሱኑ ነበር። የሚሰማው ሁሉ ከንፈሩን መጠጥ ያደርጋል፤ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ።

«ፍቅራችን» የሚለው የእኔንና የእሱን ነው።

ደባርቅ አስተማሪ ሳለሁ ሁለት ዓመት አብረን ቆየን። ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን ከቆረጠ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝና ዘር ተቆጥሮ ስድስት ቤት ላይ እንደምንገናኝ ነገረኝ። እንባውንም አፈሰሰ፣ ዓይን አውጣ! ሰባት ቤት ያልሞላ ዘመድ አይጋባ፣ ምን እላለሁ? ዳባት ወርጄ የእኛን ሰዎች እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ከዘመዴ ጋር ተፋቀርኩ ተብሎ በምን አፍ ይወራል? ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ፤ ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። እሱ አዲስ አበባ ገባ፤ በዓመቱ ዘፈኑ ወጣ።

አንድ ቅዳሜ የአባቴን አጎት ልጠይቅ ዳባት ሄድኩ። በአገሩ ዘር ቆጣሪው እሳቸው ናቸው፤ ሊጋባ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ቁጭ ብለን ስናወጋ ከጎረቤት ሱቅ ያ ዘፈን ተለቀቀ። ድምፁን ለዩት።

«ይኸ ልጅ ምን ይዘባርቃል?» አሉ። «መጥቶ አስቆጥሮኝ፣ ስምንት ቤት ናችሁ፣ ተጋቡ ብዬ መርቄ አልሰደድኩትም? ምነው ቀራችሁ?»

እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀምጬ እንደገና እንዲቆጥሩልኝ ለመንኳቸው። በጣታቸው አንጓ አንድ በአንድ እየጠሩ ቆጠሩ። ስምንት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጥራ፣ ምን ይረባኛል? አልፈልግሽም ቢለኝ እኮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ሰው ይሰለቻል፤ እሱን አልነፍገውም። ይኸ ግን እግዜርን ሰበብ አደረገ፤ ባልሠራሁት ኃጢአት አሰገደኝ። አልበቃ ብሎት ውሸቱን ዘፈን አድርጎ አገር አስለቀሰበት።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያው ነው። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ አብራው ታንጎራጉራለች። «ሰባት ቤት ሳይሞላ» ሲል አላስቻለኝም፣ «ሞልቷል!» ብዬ ጮኽኩ። ሾፌሩ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ሊያቆም ነበርና በመስታወት አየኝ፤ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ ዘፋኙን አውቀው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ዘመዴ ነው» አልኳት። «በስምንት ቤት።»

ማንጎራጎሯን ተወች።