ቺንጋ የቀየርኩ ሰሞን

ከሺሺንዳ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ነበረኝ። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ልጅ አልወለድንም። ዘመዶቼ ቦንጋ ናቸው፤ እነሱም ለዓመት በዓል ካልሆነ አይጠይቁኝም፣ እኔም አልጠይቃቸውም።

ጠባዬ ለሰው አይመችም። ወረፋ በሚያበላሽ ላይ እጮሃለሁ፤ እርጥብ በቆሎ ላመጣ ሰው ጆንያውን መልሼ አሸክመዋለሁ። ቢሆንም ሰዎች እስኪፈጭላቸው ድረስ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ መስማት እወድ ነበር። በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ሲያወሩ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። ዱቄታቸውን ተሸክመው ሲሄዱ ግን ግቢው ውስጥ እኔና ሞተሩ ብቻ እንቀራለን፤ ሞተሩም ካጠፉት ዝም ነው። ብቸኝነቱ ያንገበግበኝ ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም፤ ለማን ልናገር?

ያን ጊዜ ሞባይል ወደ ገጠሩ መግባት ጀምሯል። መብራት ግን የለም። በየስብሰባው “ይመጣል” ይሉናል፤ እናጨበጭባለን፤ ወደ ኩራዛችን እንመለሳለን። ስልኩ የሞተበት ሰው ቻርጅ ለማድረግ ሺሺንዳ ድረስ ይወርዳል። እኔም አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አንድ ቁና እህል በሩብ ሰዓት ተፈጭቶ ያልቃል፤ ስልክ ለመሙላት ግን ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ስልኩን ጥሎ አይሄድም። ደጄ ላይ ይቆያል፣ ያወራል።

ችግሩ ከሞተሩ መብራት የሚያመነጨው ዲናሞዬ ነበር። አንዲት አምፖል እንኳ በቅጡ አያበራም። ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋም ያለቀ፣ ቀጭን የጎማ ቀበቶ ስለነበር እየተንሸራተተ ይጮሃል። ጩኸቱ ጥርስ ያፋጫል፤ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ሳሙና ቀባሁት፣ አጠበቅኩት፣ ሰደብኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ አልሰማኝም።

ለማንም ሳልናገር ወፍጮውን ዘግቼ ጅማ ሄድኩ። ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ዲናሞ አገኘሁና፣ ሥራውን የሚያውቅ አንድ መካኒክ አገላብጦ አየልኝ።

“ጋሼ፣ ዲናሞውስ ደህና ነው። ያ ቀጭን ቺንጋዎ ግን አይሸከመውም፤ በሳምንቱ ይበጠሳል። ዲናሞ ሲያድግ ቺንጋውም ፑሊውም አብሮ ማደግ አለበት።”

ቺንጋው የሚዞርበት ፑሊ እስኪቀረጽ፣ መያዣው ብረት እስኪበየድ አሥራ አንድ ቀን ጅማ ተቀመጥኩ። ዲናሞውን በአውቶቡስ ጭኜ፣ ሰፊውን ቺንጋ አንገቴ ላይ እንደ ሻርፕ ጠምጥሜ ተመለስኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ያየኝ ነበር። ደስ ስላለኝ ዝም አልኳቸው።

የመግጠሙን ሥራ ብቻውን የሠራ ያውቀዋል። አንዱ እጅ ዲናሞውን ወደ ውጭ እየገፋ ቺንጋውን ይወጥራል፤ ሌላው ቡሎኑን ያጠብቃል፤ ሦስተኛ እጅ ደግሞ ቁልፍ ማቀበል አለበት። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ጎንበስ ብዬ እንዳለሁ፣ “እስቲ ትልቁን አቀብይኝ” ብዬ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። በሕይወት ሳለች መሣሪያ የምታቀብለኝ ባለቤቴ ነበረች። እጄ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዞር ብዬ ቁልፉን ራሴ ከመሬት አነሳሁ።

ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር ካልቆሙ ቺንጋው ዘሎ ይወጣልና ሲባጎ ወጥሬ አስተካከልኳቸው። ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣቴ ስጫነው ትንሽ ብቻ ረገበ፤ ልኩ ነው። ሞተሩን አስነሳሁት። ቱክ ቱክ ከማለቱ በቀር አንዳች የጎማ ድምፅ የለም። አምፖሉ ቦግ አለ። ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ፣ ምን አሳፈረኝ!

በማግስቱ ባለ ስድስት ሶኬት ጣውላ ደጃፌ ላይ ሰቀልኩ። አግዳሚ ወንበሩንም አጠብኩት። ማንም አልመጣም። ዝናቡ ነው አልኩ። በሁለተኛውም ቀን የለም። ቡና ለቀማ ላይ ናቸው አልኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛዬ ጆንያ ተሸክሞ በመንገዱ ሲመጣ በመስኮት አየሁት። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ወደ ሺሺንዳው ወፍጮ ቁልቁል አለፈ።

ተናደድኩ። “ይበላችሁ፣ እዚያ ወረፋ ስትጠብቁ ዋሉ!” አልኩ ለግድግዳው። ኩርፊያ ግን ለብቻ አይሆንም፤ የሚያባብል ሰው ይፈልጋል። ሞተሩን ጠዋት ጠዋት አስነሳለሁ፣ ባዶውን ይዞራል፣ አጠፋዋለሁ። ስድስቱ ሶኬቶች አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። በዚህ ዓይነት አምስት ቀን ሄደ።

በስድስተኛው ቀን፣ ሞተሩን አጥፍቼ ውስጥ ሳለሁ፣ ከደጅ የልቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ በካፊኖኖ እያንጎራጎሩ ያለቅሳሉ። አወቅኳቸው። “ዱቄቱ አልላመም” እያሉ ሁልጊዜ የሚነዘንዙኝ፣ እኔም “እንግዲያው በድንጋይ ይፍጩት” የምላቸው ሴትዮ ናቸው።

“እትዬ፣ ማን ሞቶ ነው?” አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ጮኹና አማተቡ፤ በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸውም መለሱልኝ።

“እርስዎ! እርስዎ ሞተ!”

“እኔ? ማነው ያለው?”

“ሰው ሁሉ አለ። ያ ጩኸት የለም፣ እርስዎም የለም። ሌላ ሞተር መጣ፣ አይጮህም። እንግዲህ ሞተ፣ ዘመዶቹ ቦንጋ ወሰዱት፣ ወራሽ ገባ አሉ።”

ያኔ ነው የገባኝ። ቱክ ቱክማ የሺሺንዳውም ወፍጮ ይላል። የእኔን ለይተው የሚያውቁት፣ ተነስቷል ብለው ጆንያቸውን የሚያነሱት፣ በዚያ በምረግመው የቺንጋ ጩኸት ነበር።

“ታዲያ ብሞትስ፣ ሰው ለማስፈጨት አይመጣም?” አልኩ፤ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም።

“ሐዘን ቤት እህል ተሸክሞ ይመጣል? ነውር አይደለም?” ብለው ገሠጹኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለቅሶ ሊደርሱ ያመጡትን ንፍሮ ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ይዘውት እንዳይመለሱ ነው መሰል መሃላችን አስቀመጡት፤ የራሴን ለቅሶ ንፍሮ አብሬያቸው በላሁ። ጨው ጎድሎታል። ደግ ነገር መናገር ሲገባኝ ያንኑ ነገርኳቸው፤ ሳቁብኝ።

ከዚያ መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅኩ።

“ሌሎቹስ ይመጣሉ?”

ንፍሮውን እያኘኩ ወደ መንገዱ አዩ።

“እኔ ነኝ የመጣሁት። የሚያለቅስለት የለውም ብዬ፣ ብቻዬን መጣሁ። ሌላው ገበያ ሄዷል።”

ሞባይል አልነበራቸውም፣ የሚፈጭ እህልም አልያዙም፤ ግን ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም እንደሚባለው፣ ከጎኔ ተቀምጠው ዋሉ።

ሲነሱ ነጠላቸውን አራገፉና፣ ከለቅሶ ቤት የሚወጣ ሰው እንደሚለው፣ ከልማድ የተነሳ፣ “እግዜር ያጥናዎት” አሉኝ። የተናገሩትን እሳቸው ልብ ያሉት አልመሰለኝም። እኔ ግን ብድግ አልኩና፣ “አሜን፣ ከሐዘን ይሰውርዎት” ብዬ፣ ሰው እንደሞተበት ሰው፣ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው።