የሆራ አሥራ ስድስት ገጾች

እትዬ የሺዓለም የታሰረችው በልቦለድ ምክንያት ነው ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እኔ ያን ጊዜ የቀበሌያችን ታይፒስትና ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ፤ ለዚህ ነገር ከእኔ ወዲያ ምስክር ላሳር ነው።

የሺዓለም ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በአንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ መጽሐፍ ታከራይ ነበር። ባሏ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ሲሞት የተወላት አንድ ሳጥን መጽሐፍና አንድ ረጅም ካፖርት ነው። ካፖርቱን ሸጠች። መጽሐፎቹን ግን "ሰውዬው ከእኔ ይልቅ ከነዚህ ጋር ነው የኖረው፣ አልበትናቸውም" ብላ ማከራየት ጀመረች። "እርስዎ" ካልናት ትቆጣለች፤ "አታስረጁኝ" ስለምትል "እትዬ" እያልን በ"አንቺ" ነበር የምናወራት።

የሚገርመው ማንበብ አትችልም ነበር። መጽሐፎቹን የምትለያቸው በመልካቸው ነው፤ "ያቺ ቀይዋ"፣ "ያ ጥጉ የተቃጠለው" እያለች። አንድ ቀን አንዱ ቀማኛ ሽፋኑን ትቶ ሆዱን ለውጦ መለሰላትና ነገሩ የታወቀው ሌላ ደንበኛ ሲያማርር ነው። እንዲያ ተናድዳ አይቻት አላውቅም። በማግስቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጣቢያ ሄዳ ተመዘገበች። ዘመኑ 1972 ነው፣ እሷ አርባ ስድስት ዓመቷ፣ አስተማሪዋ ጢሙ ገና ያልበቀለ ልጅ። ስትጨርስ የተሰጣትን ሰርተፊኬት፣ ሌላው ሰው የሊቀመንበሩን ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ ኪዮስኳ ውስጥ ሰቀለችው። ከሥሩ የፈረመው የዘመቻው አስተባባሪ ጓድ አብተው ነው፤ ኋላ የቀበሌያችን ካድሬ የሆነው።

ከዳር ጀምራ ያነበበችው የመጀመሪያ መጽሐፍ «የተጠማው ንጉሥ» ይባላል። ሐይቅ የሚጠጣ ንጉሥ ታሪክ ነው። በየዓመቱ አንድ ሐይቅ ጨልጦ ይጠጣል፣ አይረካም። በመጨረሻ አንድ ሐይቅ ብቻ ይቀራል፤ እሱንም ሆራ የምትባል አንዲት ልጅ ትጠብቀዋለች። የሺዓለም በጣቷ እየተከተለች በቀን አንድ ገጽ ታነባለች፤ እኛ በሁለት ቀን እየጨረስን እናናድዳታለን፣ እሷ "ዝም በሉ! መጨረሻውን የነገረኝ ዳግመኛ መጽሐፍ አያገኝም" ትላለች።

መጨረሻው ላይ ሳትደርስ ግን መጽሐፉ የመጨረሻ አሥራ ስድስት ገጹ ተቀዶ ተመለሰ። ማን እንደቀደደው አልታወቀም። እኔ ግን ጣቢያው በር ላይ ይቀመጥ የነበረውን ኦቾሎኒ ሻጭ ዛሬም በበጎ አላስታውሰውም። በከተማው ሌላ ቅጂ አልነበረም። ያነበብነው ጥቂቶች መጨረሻውን ልንነግራት ብንል ጆሮዋን ደፈነች። ተከራዮች ሲያማርሩባት ሁለት ቀን ኪዮስኳን ዘጋች። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ በደብተር ወረቀት ተሞልቶ፣ በጥቁር ክር ተሰፍቶ ቀረበ።

"ከሌላ ቅጂ ላይ ገልብጬ ነው" አለች። አመንናት፤ ማመን ወደድን። በዚያ ጽሑፍ ንጉሡ ሊጠጣ ሲንበረከክ ሆራ በእሱና በውሃው መካከል ትቆማለች። "ይህን አትጠጣም" ትለዋለች። እምቢ የሚባል ቃል ሰምቶ የማያውቀው ንጉሥ እንደተንበረከከ ይቀርና ሳይጠጣ ይመለሳል። ቀድመን ያነበብነው እንኳ የፊተኛውን ረሳነው፤ ይኼኛው ይበልጥ ነበራ! ናዝሬት ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረችው በዚያ መጨረሻ ነው።

በ1976 ክፍል ሁለት ወጣ። ሆራ ቤተ መንግሥት ውስጥ ናት፤ ለንጉሡ ውሃ ትቀዳለች።

ከተማው አበደ። እምቢ ያለችው ልጅ እንዴት አሽከር ትሆናለች? ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት የሚያመላልሰው ሾፌር ጆቴ "ይህቺ ሆራ አይደለችም፣ መንታ እህቷ ናት" ብሎ ወሬውን ከሞጆ እስከ ዝዋይ በየምግብ ቤቱ አደረሰው። እኔ ደግሞ ንጉሡ ሞቷል፣ ቤተ መንግሥቱ ደብቆታል ባይ ነበርኩ። ሁላችንንም ያሸነፈን ግን በባቡሩ ጋራዥ በያጅ የነበረው ቀነዓ ነው። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቦ መጣና "ቁጠሩ" አለ። "ለንጉሡ አርባ አንድ ጊዜ ውሃ ይቀዳለታል። አንድም ጊዜ ሲውጥ አይታይም። የምትቀዳለት የጨው ውሃ ነው። እስኪደርቅ እየጠበቀችው ነው!"

ቆጠርን። እውነቱን ነው፤ አንድም ጊዜ አይውጥም።

ቀነዓ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ደግ ነበር። እሱ ግን በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ውስጥ ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲጠየቅ ተነስቶ "ደራሲው ክፍል ሁለትን የጻፈው ታዞ ነው፤ እውነተኛ ሐሳቡን ግን ደብቆ አስገብቶታል" አለ። በማግስቱ ታሰረ፤ የደብተር ገጾች የተሰፉበት የኪዮስኩ ክፍል አንድም ቤቱ ተገኘ። ጓድ አብተው ከአዲስ አበባ ያልተቀደደ ክፍል አንድ አስመጥቶ ሲያስተያይ፣ በዋናው መጽሐፍ ሆራ ሰግዳ ለንጉሡ በእጇ ውሃ የምታጠጣው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የደብተሩን ገጾች የጻፈው ቀነዓ ነው ተባለ፤ ጸረ አብዮት ጽሑፍ በማዘጋጀት ሰኞ ወደ በላይ አካል ሊተላለፍ ተወሰነ። በዚያ ዘመን ወደ በላይ የተላለፈ ሰው ሁሉ አይመለስም። ሚስቱ በላይነሽ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

አብተው ገጾቹን ከመጽሐፉ ለይቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖራቸው ጽሕፈቱን አወቅሁት። በየኪራይ ካርዳችን ላይ ስማችንን የሚጽፈው ያው የተንጋደደ እጅ ነው። አወቅሁና ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው ነዋሪ አዳራሽ ተጠራ። አብተው ክሱን አንብቦ ሳይጨርስ የሺዓለም ከመሐል ተነሳች።

"ቀነዓን ፍቱት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

አብተው ሳቀ። "አንቺ? ትናንት 'ሀ' ብለሽ የጀመርሽ?"

"አዎ፣ ትናንት። ያስጀመርከኝም አንተ ነህ። ሰርተፊኬቴ ላይ ፊርማህ አለ፤ ካላመንክ ኪዮስኬ መጥተህ እየው።"

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አብተው የኪራይ ካርዶቿን አስመጥቶ ከገጾቹ ጋር አስተያየ። ሳቁ ጠፋ።

"ማነው ያጻፈሽ?"

"ንዴት።"

"ንጉሡ ማነው? ማንን ለማለት ነው?"

"ሐይቅ የሚጠጣ ሰውዬ ነው። አንተ ማን መሰለህ?"

አብተው ማን እንደመሰለው ቢናገር ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው በራሱ ስም ነው፤ እኔም ብዕሬን ደግኜ እየጠበቅሁት ነበር። ላቡን ጠረገና ድምፁን አለዘበ።

"እሺ፣ ቀነዓ ካልጻፈ ይፈታል። አንቺም ሂስሽን ዋጪና ገጾቹን በገዛ እጅሽ በሕዝብ ፊት ቅደጂ። ከዚያ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።"

ቀላል ነገር ነበር። አሥራ ስድስት የደብተር ወረቀት ነው። እኔ በልቤ "ቅደጃቸው፣ በእመብርሃን ቅደጃቸው" እል ነበር።

"አልቀድም" አለች። "የተቀደደ ልሞላ ነው የጻፍኩት።"

"ትታሰሪያለሽ!"

"ልታሰራ።"

ያኔ በላይነሽ ሆዷን ደግፋ ከኋላዋ ተነሳች። "እኔም አንብቤዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም" አለች። ጆቴ ተነሳ። ከዚያ ሌሎችም ተነሱ፣ እንዲሁ ቆሙ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝና ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። እኔ አልተነሳሁም። እጽፍ ነበር።

አብተው ስብሰባውን ዘጋ። ሁሉንም ማሰር አልደፈረም፤ እሷን ብቻ አራት ወር ቀበሌው እስር ቤት ቆለፈባት። ቀነዓ በዚያው ዕለት ወጣ። ገጾቹን እንዳቃጥል ታዘዝኩ፤ መጀመሪያ ግን ለማስረጃ በሦስት ቅጂ በታይፕ እንድመታቸው። ሥርዓታችን እንዲያ ነው፤ የሚቃጠል ነገር እንኳ በሦስት ቅጂ ካልተመዘገበ አይቃጠልም።

ሰኞ ጠዋት ከሦስቱ ወረቀት ሥር አራተኛ ወረቀትና ካርቦን ጨመርኩ። እየመታሁ ሆራ "ይህን አትጠጣም" ያለችበት ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ። የሺዓለም ሆራን ብቻዋን ነበር ያቆመቻት። ቀና ብዬ በሩን አየሁና አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጨመርኩ። አሁንም ድረስ በዚያ የመንግሥት ፋይል ውስጥ፣ በሦስቱም ቅጂ፣ ከነማኅተሙ አለ።

የተፈታችው የጥምቀት ሰሞን ነው። ከስታለች፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። ኪዮስኳን በከፈተች ቀን አራተኛውን ቅጂና ገጽ የጎደለውን መጽሐፍ ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ጠጅ ሳር እንደሚጎዘጉዝ ሰው አጎንብሳ፣ ቃል በቃል። የድሬዳዋው ባቡር መጥቶ ሄደ፣ እሷ ገና ታነባለች። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

"ይህን እኔ አልጻፍኩም።"

"አዎ፣ አልጻፍሽም።"

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦ «ሆራ ዞር ስትል ከኋላዋ አሥራ አንድ ሰው ቆሟል።»

"አሥራ አንድ ነበሩ?" አለችኝ። "እኔ ፊቴን አላዞርኩም።"

"አሥራ አንድ ነበሩ። ቆጥሬያለሁ።"

"አንቺስ፣ ጫልቱ?"

"እኔ እጽፍ ነበር።"

"ተቀምጠሽ?"

"ተቀምጬ" አልኳት፤ እንባዬ መጣ።

እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። "አንድ" የሚለውን ሰርዛ፣ በዚያ በተንጋደደ እጇ፣ ከላዩ "ሁለት" ብላ ጻፈች። ከዚያ መርፌና ጥቁር ክር አቀበለችኝ።

"በይ አስገቢልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል። ቀነዓ ከሥራ ሲወጣ መጽሐፉን ሊወስድ ይመጣል።"