የሩቂያ ማንጎና የጎረቤቷ ውሃ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሩቂያን አብሽ የሚጠላ፣ ምላሷንም የማይፈራ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። እንስራዋን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ አብሹን አረፋ እስኪያወጣ መትታ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለችው ትልቅ ማንጎ ሥር ትቀመጣለች። የባጃጅ ነጂዎች ተራ የሚጠብቁት እዚያ ነው። ከካራቆሬ ማሾ ጭኖ የሚመጣ ሾፌርም የደብረ ሲናን ዳገት ከመጀመሩ በፊት እዚያው ጥላ ሥር ትንፋሹን ይሰበስባል። ከመካከላቸው አንዱ በዋዛም ቢሆን ቅጠል የበጠሰ እንደሆነ ግን ወዮለት። ሩቂያ ተነስታ እናቱን፣ አያቱን፣ የተወለደበትን ቀበሌ ሳይቀር ታነሳለታለች። «ሚጥሚጣዋ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን ታውቀዋለች፣ አትቀየምበትም።

ከአርጎባ ሰፈር ከተራራው ወርዳ ለትምባሆ እርሻ ሠራተኛ የተዳረች ጊዜ ማንጎዋ እዚያው ቆማ ነበረች። ፍሬዋ ትንሽ፣ ቃጫው ጥርስ ውስጥ የሚቀር ስለነበር ባሏ ቆርጦ የፍየል በረት ሊሠራበት አሰበ። ሙሽራዋ ሩቂያ ጓዟን ጠቅልላ በሩ ላይ ቆመች።

«ይህን ፀሐይ ያለ ዛፍ አልችለውም። እሷን ከቆረጥካት እኔም ወደ አባቴ እመለሳለሁ።»

ባሏ መጥረቢያውን ሰቀለ። ኋላ እሱ በወባ ሲሞትባት፣ ሩቂያ ልጇን ነዒማን ያሳደገቻትም፣ ለማጀቴ ከተማ ሰው የዳረቻትም በዚያችው ጥላ ነው። ሰው ከፀሐይ ሲሸሽ ይጠማዋል፤ ሲጠማው አብሽ ይገዛል። ሌላ ሀብት አልነበራትም።

ሙሀሲን የመጣው ጎኗ ያለው አሮጌ ቤት ከተሸጠ በኋላ ነው። አሮጌውን አፍርሶ፣ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ የቆርቆሮ፣ የሚስማርና የቀለም መሸጫ አቆመ። ሰውየው ለስላሳ ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ለመስጊዱ ምንጣፍ ያነጠፈ፣ ለቅሶ የማይቀር፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሳ። ሱቁን በከፈተ ሰሞን አንድ ቀን ወደ ሩቂያ ጠጋ አለና፣

«እትዬ ሩቂያ፣ ካልከፋዎት ይቺን ወደኔ የዘመመችውን ቅርንጫፍ ላስቆርጣት። ሱቁን ከመንገድ ጋረደችው» አላት።

«ከፋኝ» አለችው ሩቂያ።

«ግማሹን ብቻ...»

«የሰው ክንድ በግማሽ ይቆረጣል እንዴ? መስታወትህን ስታቆም ዛፏ አልታየችህም?»

ሙሀሲን ፈገግ አለ። «እሺ፣ ይቅር» ብሎ ተመለሰ። ሩቂያ ይህን ፈገግታ አልወደደችውም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። ሩቂያ የቀትሩ ዙህር ሲደርስ እንስራዋን ከድና ለሰላት ወደ ቤት ትገባለች። አንድ ቀን ሰግዳ ስትወጣ ሙሀሲን በቢጫ የዘይት ጀሪካን የማንጎዋን ሥር ሲያጠጣ አገኘችው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ውሃ እያጠጣሁልዎት ነው። ቅጠሏ ጠወለገብኝ፤ ጎረቤት አይደለን?»

በማግስቱም አጠጣ። ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ውሻ እንኳ ከባጃጅ ሥር ሲሸጎጥ፣ ያ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ነጋዴ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይወጣል። ሁልጊዜ እሷ ስትገባ። ሁልጊዜ ከግንዱ በስተጀርባ ባለው በኩል፣ በቀስታ፣ ምንም ሳያንጠባጥብ። የባጃጅ ነጂዎቹ «ጎረቤትማ እንዲህ ነው!» ይሉታል። ሩቂያ ግን የሱን ግቢ ታያለች። ሰውየው በራሱ ግቢ የተከላት ሎሚ ውሃ አጥታ ደርቃ እንጨት ሆናለች። የራሱን ሎሚ ያደረቀ ሰው የሰው ማንጎ ምን ብሎ ያጠጣል?

የልቧን ያዋየችው ለሸዋዬ ነበር። ሸዋዬ ከአስፋልቱ ማዶ ፍየል እያረባች ወተት የምትሸጥ የድሮ ወዳጇ ናት።

«አንቺ ደግሞ አበዛሽው» አለቻት ሸዋዬ እየሳቀች። «ሰው ሲሰድብሽ ትጣያለሽ፣ ሰው ሲያጠጣልሽም ትጣያለሽ። እንዴት ይሁንልሽ?»

«ሲያጠጣ ፊቱን አይተሽዋል? የሚያጠጣ ሰው ዛፉን ያያል። እሱ የሚያየው የኔን በር ነው።»

ሸዋዬ ሳቋን አላቆመችም። ሩቂያም ተናዳ ሄደችና ሙሀሲንን በደንበኞቹ ፊት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ዛፌን እንዳታጠጣብኝ! ጠብታ እንኳ!» ብላ ጮኸችበት።

ወሬው ከተማውን ዞረ። «ሩቂያ ዛፏን ስላጠጣላት ከሰው ተጣላች» ተብሎ ተሳቀ። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሼ አንዋር ከመስጊድ ሲመለሱ ከጥላው ሥር ቁጭ አሉና ገሠጿት።

«ልጄ፣ ደግ የሠራን ሰው መስደብ ነውር ነው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ። ይቅርታ ጠይቂው።»

«ጋሼ አንዋር፣ ነገሩ አላማረኝም።»

«ምኑ?»

ሩቂያ ምኑ እንደሆነ መናገር አልቻለችም። ምላሷ የከዳት ያን ጊዜ ነው። ለሽማግሌ ክብር ስትል ሄዳ «አፉ በለኝ» አለችው። ሙሀሲንም «እኔ ምንም አልተቀየምኩም፣ እናቴ ኖት» አላትና ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት ማጠጣቱን ቀጠለ። አሁንማ ሽማግሌ የፈቀደለት ሆኗል።

የቅጠሉ ጫፍ መጀመሪያ ቡናማ ሆነ፤ ብረት ምጣድ ዳር እንደነካው ዓይነት። ከዚያ ቃጠሎው ወደ መሐል ገባ። ቅጠሉ በነፋስ ሳይሆን እንዲያው በራሱ ይረግፍ ጀመር፤ ሩቂያም ጠዋት ጠዋት ጠርጋ አትጨርሰውም። «በሽታ ገብቷል፣ ሌላም ቦታ ማንጎ እየታመመ ነው» አሏት። ሙሀሲን ራሱ አጠገቧ ቆሞ ከንፈሩን መጠጠላት። «ውሃ አንሷት ይሆናል፣ ልጨምርላት» አለ። ሩቂያ በእጇ የነበረውን መጥረጊያ አጥብቃ ይዛ መጥረጓን ቀጠለች። ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ምግብ አስጠላት። ሰዉ ሁሉ ደግ የሚለውን ሰው አንቺ ብቻሽን ስትጠይው፣ ክፉዋ አንቺ ትመስያለሽ። እሷም አንዳንዴ እውነትም ክፉ የሆነች ይመስላት ነበር።

ምስጢሩን ያወጡት የሸዋዬ ፍየሎች ናቸው። አንድ ቀን አስፋልቱን ተሻግረው መጡና የረገፈውን ቅጠል ትተው፣ ከግንዱ ጀርባ ያለውን መሬት ይልሱ ጀመር። ሸዋዬ በዱላ ብታባርራቸው ይመለሳሉ። እየተገፋፉ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ይልሳሉ። የቆላ ሰው ፍየል መሬት ስትልስ ምን እንዳገኘች ያውቃል። ሸዋዬ ዱላዋን ጣለች።

«ሩቂያ! ነይማ እዚህ!»

ሩቂያ ተንበርክካ አፈሩን አየችው። ሸሚዝ ላይ የደረቀ ላብ የመሰለ ነጭ ነገር ጣል ጣል አድርጎበታል። በጣቷ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገችው፤ ወዲያውም ተፋችው።

«ጨው ነው» አለች።

«ኧረ በስማም!» አለች ሸዋዬ። ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም።

ሩቂያ ያን ዕለት አልጮኸችም። የሚያውቋት ሁሉ ኋላ የተገረሙት በዚህ ነው። በማግስቱ ዙህር ሲደርስ እንደወትሮዋ እንስራዋን ከድና ገባች፤ ነገር ግን ሰላቷን ለትንሽ ጊዜ አቆይታ በበሩ ስንጥቅ ትመለከት ጀመር። ሙሀሲን ጀሪካኑን ይዞ መጣ። በሯን አየ። ጎንበስ ሲል ሩቂያ ወጥታ የጀሪካኑን እጀታ ያዘችው።

«አምጣው።»

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ፀሐይ ነው፣ ላብ አጥምቆሃል። እስቲ ጠጣለት።» የአብሽ ብርጭቆ አንስታ ከጀሪካኑ ቀዳችበት።

«እኔ... ጾም ነኝ።»

«ጠዋት አብሽ የጠጣኸው እኔው ዘንድ ነው። ጠጣ!»

የባጃጅ ነጂዎቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ቀና አሉ። ሸዋዬ ከማዶ ተሻገረች። ጋሼ አንዋርም ወደ መስጊድ ሊሄዱ ሲያልፉ ጩኸቱን ሰምተው ቆሙ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሩቂያ መጮህ ጀምራ ነበር። «የቧንቧ ውሃ ከሆነ ጠጣው! ዛፌ የምትጠጣውን አንተ ምን ብለህ ትጸየፋለህ?»

«እትዬ፣ ሰው እየሰማ ነው...»

«ይስማ!»

ጋሼ አንዋር ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበሏት። ሙሀሲን እጁን ዘረጋና «ይተዉት ጋሼ፣ ይተዉት» አለ፤ እሳቸው ግን ፉት አሉት። ፊታቸው ተጨማደደ። ዞር ብለው ተፉና አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ያ ረቢ! ይህን ነው ስታጠጣ የከረምከው?»

ሙሀሲን ግራ ቀኙን አየ። ያ ሁልጊዜ ለስላሳ የነበረው ድምፁ ድንገት ሻከረ። «ቤቴን ሰወረችው! መኪና ያልፋል፣ ማንም አያየኝም። በሰላም ጠየቅኳት፤ እንደ ውሻ አባረረችኝ። ምን ላድርግ? ዛፏን በመጥረቢያ ብመታት ትከሱኝ ነበር!»

«እኔን ደግሞ ይቅርታ አስጠየቅኸኝ» አለች ሩቂያ። ጀሪካኑን ዘቅዝቃ ቀሪውን ውሃ በንጹሑ ጫማው ላይ አፈሰሰችው። ማንም አልከለከላትም።

በዚያ ሳምንት የባጃጅ ነጂዎቹ ከሮቢ ወንዝ በጀሪካን ውሃ እየጫኑ ጨዉን ለማጠብ ሞከሩ፤ አፈሩንም ቆፍረው ቀየሩ። አልሆነም። ጨዉ ወደ ሥር ወርዶ ነበር። በጋው ሳያልቅ ማንጎዋ ራቁቷን ቀረች፤ ቅርንጫፉ እየተሰበረ ሰው ላይ መውደቅ ሲጀምር በመጋዝ ተቆረጠች። ሩቂያ ሲቆርጧት አልወጣችም። ቤት ውስጥ ሆና የመጋዙን ድምፅ ሰማችው፤ እስኪያልቅም ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ሙሀሲን የተመኘው ሆነለት፤ ሱቁ ከሩቅ ይታያል። ግን ጥላው ሲሄድ የከሰዓቱ ፀሐይ በመስታወቱ ገብቶ ቤቱን ምድጃ አደረገው። የቀለሙ ቆርቆሮ እየተነፋ ክዳኑን ገፋው። ሰውየው በመጨረሻ ወፍራም ሸራ አምጥቶ ከላይ እስከ ታች ጋረደበት። ሰዉ ያየዋል፤ ያልፋል።

ሽማግሌዎች ዳስ እንዲሠራላትና ይቅርታ እንዲጠይቃት ፈረዱበት። እንጨትና ቆርቆሮ ይዞ ቢመጣ ሩቂያ ከበሩ መለሰችው። እንስራዋን አንስታ ማዶ ተሻገረችና ከሸዋዬ ቤት ፊት፣ ከጠባቧ በረንዳ ሥር ተቀመጠች። ጥላዋ ለጥቂት ሰው ብቻ ነው የምትበቃው፤ ደንበኛዋም ያንኑ ያህል ሆነ።

በኢድ ዕለት ሙሀሲን አዲስ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጋሼ አንዋርን አስከትሎ መጣ። እጁን ዘረጋ።

«ኢድ ሙባረክ፣ እትዬ ሩቂያ። ስለ አላህ ብለው አፉ ይበሉኝ።»

ሩቂያ እጁን አላየችውም። ጋሼ አንዋርን ተነስታ እጃቸውን ሳመች፤ አብሽ ቀዳችላቸው።

«ልጄ፣ ሰውየው ለምኖሻል» አሏት እሳቸው በዝግታ። «እኔም በደልኩሽ፣ ያኔ አላመንኩሽም። እባክሽ።»

«እርስዎን ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ። እርስዎ ያላዩትን ነው ያላመኑት። እሱ ግን በየቀኑ በሬን እያየ ነው ያፈሰሰው። የአላህን እንጃ፤ እኔ ግን እስከ መቃብሬ አላናግረውም።»

ሙሀሲን እጁን ወደ ኪሱ መለሰና አስፋልቱን ተሻገረ። ሸዋዬ የወተት ጣሳዋን እያጠበች አንገቷን ነቀነቀች።

«ዛሬ እንኳ በበዓሉ፣ ሩቂያ...»

«ዝም በይ» አለቻት ሩቂያ፤ ለመጀመሪያው ደንበኛዋም አብሹን መምታት ጀመረች።