ጀልባችን ዘጌ ሳትደርስ የቆመች ዕለት

ቅዳሜ ጠዋት... ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ግማሽ መንገድ እንደሄድን፣ የጀልባችን ሞተር ሁለቴ ሳል ሳል አደረገውና መሀል ጣና ላይ ጸጥ አለ።

ከባለጀልባው በቀር ያለነው ሁሉ ሴቶች ነን። የሴት መሐንዲሶች ማኅበራችን አልፎ አልፎ ተማሪዎችን ይዞ ይወጣል። በዚህ ቀን የመጣችው ግን አንዲት ብቻ ነበረች፤ ብርቱካን እንበላት፣ የዱርቤቴ ልጅ፣ ሜካኒካል ሦስተኛ ዓመት።

እሷም የመጣችው ለሽርሽር አልነበረም። ማኅበሩ ለሴት ተማሪዎች የመፍቻ ሳጥን ያውሳል። ገና ጀልባዋ ላይ ሳንወጣ የሷን ሳጥን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ኢንጂነር፣ ይረከቡኝ። ሰኞ ወደ ማኔጅመንት የመዛወሪያ ፎርም እሞላለሁ።»

«ምነው? ውጤትሽ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ውጤቱስ ደህና ነው። ላብራቶሪ ስንገባ ግን ወንዶቹ ልጆች 'ያንቺ ጽሑፍ ያምራል፣ አንቺ ጻፊ' ይሉኛል። ይኸው ስጽፍ ኖርሁ። አንዲት ብሎን ፈትቼ አላውቅም።»

«ጽሑፍሽ ያምራል» የምትባለዋን ነገር በደንብ አውቃታለሁ...

የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ ተማሪ ሳለሁ፣ እኔም እንዲሁ ምህንድስናን ልተው ቆርጬ ማኅበሩን ልሰናበት ሄጄ ነበር። ያኔ ማኅበሩ ማለት ሰባት ሴቶችና አንድ የተውሶ አዳራሽ ነው፤ ሐይቁ ዳር፣ መስኮቱ ሲከፈት የዓሣ ሽታ የሚገባበት። ወንበር ስለማይበቃ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ሰብሳቢዋ እትዬ የሺ ነበሩ፤ የፋብሪካ ጥገና መሐንዲስ፣ ቅዳሜ እንኳን ሰማያዊ ቱታቸውን የማያወልቁ። አቤት ያ ጊዜ! እሳቸው ሲስቁ አዳራሹ ይሞላ ነበር።

የዚያን ቀን ልሰናበት መምጣቴን በር ላይ ነገርኳቸው። ትንሽ ቆይተው ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ የማይኩ ድምፅ ጠፋ። ነካ ነካ አደረጉት፣ የለም። ዙሪያቸውን ቃኙና ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

«ያቺ ልጅ ትየው» አሉ።

የማይኩን ስፒና በዳቦ ቢላ ፈታሁት። አንደኛው ሽቦ ወልቋል። መልሼ አሰርኩት። ማይኩ ሲጮህ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት... ለመሰናበት የመጣሁትን ረሳሁት። ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሆንኩት በዚያች ሽቦ ነው። ልጆቼ ይህን ታሪክ ከመስማት ብዛት ሰልችተውታል።

ወደ ጀልባችን እንመለስ።

ሞተሩ ቆሟል። ከኛ መሀል መንገድ የሠራች አለች፣ ፎቅ ያቆመች አለች። አንዷ «እኔ ኮንክሪት ነኝ» አለች። ሌላዋ «የኔ የመጠጥ ውሃ ነው» ብላ ሐይቁን አየችው። እኔም «ኤሌክትሪክ ነኝ» ብዬ ተገላገልኩ። ባለጀልባው ደግሞ እጁን አጣጥፎ «እኔ መንዳት እንጂ መጠገን አላውቅም» አለ። ሃያ ዓመት ጣና ላይ የኖረ ሰው!

እትዬ የሺ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ በቱታው ፋንታ ነጠላ ተከናንበው ከነዳጁ ታንክ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀስ ብለው ዞር አሉና ጣታቸውን ወደ ብርቱካን ቀሰሩ።

«ያቺ ልጅ ትየው።»



ብርቱካን መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ተነሥታ ከሞተሩ የሚወጣውን ቱቦ በእጇ እየተከተለች እስከ ነዳጁ ታንክ መጣች። ቱቦው መሀል ያለችውን፣ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የምትገፋዋን የጎማ መጭመቂያ ጫን አደረገቻት። ተጨማዳ ቀርታለች።

«ነዳጅ አለ... ግን አይመጣም» አለች ለራሷ።

ጣቷን የታንኩ ክዳን ላይ ወዳለችው ትንሽ ብሎን ሰደደች። ላላ ስታደርጋት ፍስስስ... የሚል ድምፅ ሰማን።

«ታፍኖ ነው! የአየር መግቢያው ተዘግቷል!»

ባለጀልባውን «ዘወር በልልኝ» አለችውና የሞተሩን ገመድ ራሷ ሳበች። አንዴ... ሁለቴ... ሦስተኛው ላይ ተነሣ። እልልታችንን ስንለቀው በታንኳ የሚያልፍ አንድ ሰውዬ መቅዘፉን ትቶ አፉን ከፍቶ አየን። ብርቱካን ተመልሳ ተቀመጠችና የጠቆሩ እጆቿን እያገላበጠች ታያቸው ጀመር። ውሃው አጠገቧ ነው፤ አልታጠበችም። እንባዬ መጣ።

ዘጌ ስንደርስ እትዬ የሺን ለማውረድ እጃቸውን ያዝኳቸው። ጣታቸው ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ... ሞተሩ ከመቆሙ በፊት እጃቸው በነጠላቸው ሥር ታንኩ ክዳን ላይ ነበር። ሲደገፉ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ብርቱካን ሳጥኑን ስትመልስልኝም ከጎኔ ነበሩ።

«እትዬ... ብሎኗን እርስዎ ነዎት የዘጓት?»

«ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማሻለች!»

ባለጀልባው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። 

«የኔስ ማይክ?»

እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ለቅጽበት ተናደድኩ። አሥራ ስምንት ዓመት የኮራሁባት ነገር ከእጄ የተነጠቀች መሰለኝ። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ እጄን ጨበጥ አደረጉት።

«ሽቦውን የነቀልሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «መልሰሽ የገጠምሽው ግን አንቺ ነሽ። እኔ እዚያ ላይ እጄን አላስገባሁም።»

ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ስንመለስ እግሬ ሥር ያለውን የመፍቻ ሳጥን ፈለግኩት። የለም። ቀና ስል ብርቱካን ብብቷ ሥር ሸጉጣዋለች፤ ባለጀልባውን ስለ ሞተሩ በጥያቄ አጣድፋዋለች። ስለ ፎርሙ አልጠየቅኳትም።

ይህን እዚህ በድፍረት የምጽፈው ብርቱካን ፌስቡክ ስለማታይ ነው፤ «የትልልቅ ሰዎች ሰፈር ነው» ትላለች።

በሚቀጥለው ጉዞ ነዳጁ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ።