በጨዋታው ላይ የቀዳሁት ዘፈን

ወንድሜን ሰው ሁሉ «መካኒኩ» ይለዋል እንጂ መኪና ነክቶ አያውቅም። የሚጠግነው የቢሮ ዕቃ ነበር፤ የጽሕፈት መኪና፣ የሒሳብ ማሽን፣ አልደውል ያለ ስልክ። እኔ ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ዝምተኛ ነው። ሁለታችንን የሚያውቁ ሰዎች የእሱን የንግግር ድርሻ እኔ እንደወሰድኩበት ይነግሩኛል፤ ውሸት የለውም።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ መሥሪያ ቤቱ የጣለውን አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ታቅፎ ቤት ገባ። ማሽኑ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፤ ሥራውን የሚያስቀምጠው ደግሞ በተራ የቴፕ ካሴት ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ዜና ማየት ቀረ። ከሥራ መልስ ጓደኛው ይመጣል። ፖስተኛ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ጭራሮ እንለው ነበር። ሁለቱ ሆነው አንድ ጨዋታ ሠሩ። ደብዳቤ የያዘ ቀጭን ሰውዬ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ውሾች ያባርሩታል። ሐሳቡ የጭራሮ ነው፤ እሱን ውሻ ያላባረረበት ቀን የለማ! ሥዕሉን እሱ በባለ ካሬ ደብተር ላይ ካሬ በካሬ እያጠቆረ ይሥላል፣ ወንድም ጋሼ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ስምንት ወር ፈጀባቸው። እኔ ከኋላቸው ልብስ እየሰፋሁ አሾፍባቸው ነበር። ሲጨርሱ ግን መጀመሪያ ያጫወቱት እኔን ነው። ገና ሦስተኛው ቤት ሳልደርስ ውሻ ያዘኝ፤ ጭራሮ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ጨዋታው የተቀዳው ሁለት ካሴት ላይ ነበር። አንደኛውን ቴፑ ክሩን በላው። ሁለተኛውን ወንድም ጋሼ ማንም እንዳይቀዳበት ብሎ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ሰበራትና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ላዩ ላይ ምንም አልጻፈበትም። የራሱን ዕቃ እሱ ያውቀዋላ።

እኔ አላውቀውም። አንድ ቅዳሜ ሬዲዮ የአድማጮች ምርጫ ሲያሰማ ባዶ ካሴት አጣሁ። መሳቢያውን ከፍቼ ያገኘሁትን ባጫውተው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ጨዋታው በቴፕ ሲሰማ እንዲያ እንደሚጮህ የት አውቄ፤ ተበላሽቷል አልኩ። ፕላስቲኳ መሰበሯን አይቻለሁ፤ አላየሁም ብል እዋሻለሁ። በዚያ ዘመን ሁላችንም እንደምናደርገው እንዲቀዳልኝ ወረቀት አጣጥፌ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩና ሁለቱንም ፊት በዘፈን ሞላሁት። ስሰፋ የምሰማው ዘፈን።

በሳምንቱ ወንድም ጋሼ ካሴቱን ፍለጋ መሳቢያውን ገለበጠ። ፍራሽ ሳይቀር አነሳ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን ሳየው መልሼ ዘጋሁት። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነጋታው እሱ ራሱ ጥፋተኛ አግኝቶ ጠበቀኝ። ጭራሮ በዚያው ሰሞን ጨዋታውን ወስደን ለሰው እናሳይ እያለ ሲጨቀጭቀው ነበርና፣ ይዞት ሄዷል አለ። ጎረቤት እየሰማ በር ላይ ሌባ አለው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጭራሮ የደብዳቤ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለእኛ ደብዳቤ ሲኖረው እንኳ ሳያንኳኳ በበር ሥር አሾልኮ ይሄዳል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፤ እኔ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ። ለሰው ሁሉ ነገር የሚተርፈው አፌ ለዚያች አንዲት ነገር ተለጎመ። ነገ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። ከሦስት ዓመት በፊት ጭራሮ ሞተ።

ባለፈው ወር ከቤተ መጻሕፍት አንዲት ሴት መጣች። በአገር ልጅ የተሠሩ የድሮ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን ትሰበስባለች፤ ሳይጠፉ ለሚመጣው ትውልድ ይቀመጡ፣ ልጆችም ይጫወቷቸው ነው ሐሳቡ። የላከቻት የጭራሮ ልጅ ናት። ከቦርሳዋ ባለ ካሬውን ደብተር አወጣች። ውሾቹ አሉ፣ ቀጭኑ ሰውዬም አለ። ሽፋኑ ላይ በጭራሮ እጅ ጽሑፍ ጨዋታውን የሠራው ተብሎ የወንድሜ ስም በትልቁ ሰፍሯል፤ ከሥሩ ሥዕል ብሎ የራሱን በትንሹ። ሥዕሉ ይቀመጣል፣ ጨዋታው ግን ያለ ካሴቱ አይነሳም አለችን። ሟቹ ለልጁ፣ ካሴቱ ወንድሜ ዘንድ እንዳለ፣ እሱ ዕቃ እንደማይጥል እስከ መጨረሻው ይነግራት ነበር።

ወንድም ጋሼ ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጠው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ታዲያ ማን ወሰደው?» አለ። የጠየቀው ሴትዮዋን ነበር።

ነገ የምለው ቀን አለቀብኝ። ካሴቱን ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ አምጥቼ ፊቱ አኖርኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ሴትዮዋ አገላብጣ አይታ፣ ሌላ ነገር ከተቀዳበት የቀድሞው እንደማይመለስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችን። እነዚያን ዘፈኖች ዛሬ የትም አገኛቸዋለሁ፤ ስልኬ ውስጥ ሞልተዋል። በዓለም ላይ አንድ ብቻ የነበረው ያ ጩኸት ነው።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በተቆጣ ኖሮ። ደብተሩን ዘግቶ እጁን ጫነበት።

«እኔ ጭራሮን ሌባ ነው ብዬ ቀብሩ ላይ አልቆምኩም» አለኝ። «አንቺ ሄደሻል፣ አይደል?»

«ሄጃለሁ» አልኩት።