ቀምሼ ያቀረብኩት ሲጋር

ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ትሕትና ይመስለዋል፤ አይደለም። ውሻ እፈራለሁ፣ ከፍታ እፈራለሁ፣ ጮክ ብሎ የሚያስነጥስ ሰው እንኳ ያስደነግጠኛል። በዚያ ዓመት ግን ከሁሉ አብልጬ የምፈራው የእጮኛዬን አባት ነበር።

ከላሊበላ ብዙም የማትርቀው የኩልመስክ ከተማ ቄስ ናቸው። ረጅም፣ ነገር የማያበዙ፣ ሲያዩህ ኪስህ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚታያቸው የሚመስሉ ሰው። እኔ ላሊበላ ዲያቆን ነኝ፤ ጠዋት ቅዳሴ ካለኝ እቀድሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አፋፉ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ሆቴል አስተናግዳለሁ። ሽማግሌ ልከን እሺ ብለውናል፤ ሠርጉም በተክሊል፣ ፋሲካን ተከትሎ በሚመጣው ሃምሳ ውስጥ እንዲሆን ተቆርጧል። ልጅቷን እወዳት ነበር፤ ስሟ ሲጠራ ትሪ ከእጄ እስኪወድቅ ድረስ እወዳት ነበር። አባቷ ግን የሆቴል ሥራዬን አልወደዱትም። ሽማግሌዎቹን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ከፈረንጅ ጋር ሲውል ፈረንጅ የሚያደርገውን ያደርጋል ወይ?” ሽማግሌዎቹም “ኧረ በጭራሽ” ብለው ማሉልኝ። የቄስ ቤት ጋብቻ በአንድ ወሬ እንደሚፈርስ ስለማውቅ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ስሄድ እንኳ ማን አየኝ እያልኩ ነበር።

እንግዳ ብርቅ በሆነበት በዚያ ሰሞን፣ ሆቴላችን ያረፈው አንድ ሸምገል ያለ ቤልጂየማዊ ብቻ ነበር። ሻንጣውን ሲፈታ ከወፍራም ካልሲ ውስጥ አንድ ጠርሙስ አወጣ፤ ጥቁር ቢራ። ወንድሙ መነኩሴ እንደነበረ፣ ቢራውም በወንድሙ ገዳም እንደሚጠመቅ ነገረኝ። ላሊበላን አብረው ሊያዩ ተቀጣጥረው ነበር፤ ወንድሙ ግን ቀድሞ ሞተ። ስለዚህ ብቻውን መጥቶ፣ ፀሐይ ስትገባ የወንድሙን ቢራ ከሲጋር ጋር አፋፉ ላይ ሊጠጣ ፈለገ። ሁለቱ ወንድማማቾች በተገናኙ ቁጥር የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

መነኩሴ ቢራ ጠመቀ መባሉ አልገረመኝም። እኛም ዘንድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ውስጥ ጠላ ይጠጣል። የከበደኝ ሲጋሩ ነው። ትንባሆ ከመናፍቅ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው እየተባልን ያደግን ልጆች ነን። የሚያጨስ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አይቼ አላውቅም፤ የሚያጨስ ዲያቆን ደግሞ በሐሳቤም መጥቶ አያውቅም። ሰውየው ሲጋሩን ከኪሱ ሲያወጣ ዓይኔ ወዲያው ወደ በሩ ሄደ።

እሱ እቴ፣ ጭንቀቴን የት አይቶ! አፈ ሰፊ ብርጭቆ ካልሆነ ሽታው አይወጣም አለኝ፤ የአይስክሬም ብርጭቆ አመጣሁለት። ቢራው ቀለል ያለ ከሆነ ሲጋሩ ይውጠዋል፣ ሲጋሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ ቢራው ያጠፋዋል፤ ስለዚህ አቻ ለአቻ መሆን አለባቸው አለ። ጭሱን ወደ ውስጥ አትስበውም፤ አፍህ ውስጥ ታንገዋልለውና ትለቀዋለህ። ምሬቱ ከምላስህ ሳይለቅ ቢራውን ትጎነጫለህ፤ ያን ጊዜ ጣፋጩ ይወጣል። ይህን ሲያስረዳኝ ድምፁ ተቆራረጠ። ሐዘንተኛ መሆኑን ያኔ ነው በደንብ ያየሁት።

ቢራውን እንድቀዳለት ጠርሙሱን ሰጠኝ። ቀዳሁ፤ ከዚያም ሳላስበው ጥቂት መዳፌ ላይ አፍስሼ ቀመስኩ። በቤታችን ጠላ የሚቀዳ ሰው ሳይቀምስ አይሰጥም። በሆቴል ሥራ ይህን አናደርግም፤ ግን ሰውየው ሐዘንተኛ፣ መጠጡም የገዳም ሆነና እጄ የለመደውን አደረገ። ጣዕሙ በደንብ የተቆላ አሻሮ የገባበት ጠላ ላይ ዘቢብ የጨመሩበት ይመስላል። ሰውየው ምን ማድረጌ እንደሆነ ጠየቀኝ።

“እዚህ አገር የሚያቀርብ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፤ ክፉ ነገር እንደሌለበት ማሳያ ነው” አልኩት።

ነገሩ ልቡን ነካው። ራሱን እየነቀነቀ ሲጋሩን ለኮሰ፣ እሳቱ እስኪይዝ አዟዟረው፤ ከዚያም በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ዘረጋው። “ይህንንም ቅመስልኝ” አለኝ በአክብሮት።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ልማዱን ያስተማርኩት እኔ፣ ሰውየው ሐዘንተኛ፣ ዓይኑ እንባ ያቀረረ። አፋፉን በሚያየው በረንዳ ላይ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። አፌ ላይ አደረግኩት፤ ጭሱ አፌን ሞላው። ያን ጊዜ ነው የመቋሚያ ድምፅ ደረጃው ላይ የሰማሁት።

የኩልመስኩ ቄስ ነበሩ። ለንግሥ መጥተው፣ በዚያውም ሊያዩኝ ፈልገው፣ ዘበኛው “ላይ ነው” ብሎ ልኳቸዋል። ሲጋሩን ከኋላዬ ሸሸግኩት። ጭሱ ግን በትከሻዬ በኩል ዞሮ ወደ ፊት መጣ። ልጅቷን አጣኋት ብዬ አሰብኩ፤ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም።

ቄሱ ቀረብ ብለው እንደ ወትሮው መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ግንባሬን አስነካሁ። ከንፈሬን ግን ማስነካት አቃተኝ። ትንባሆ በነካ አፍ መስቀል መሳለም ከሁሉም የባሰ መሰለኝ። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።

“ምነው? አትሳለምም?”

“አፌ…” አልኩ።

“አፍህ ምን ሆነ?”

መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱት።

ቤልጂየማዊው የሆነው አልገባውም፤ ትልቅ ሰው እንደመጣ ብቻ ነው የገባው። ከጠረጴዛው ላይ ሌላ ብርጭቆ አነሣና ቢራ ቀዳ። ከዚያ ጥቂት መዳፉ ላይ አፈሰሰ፤ ግማሹ በእጅጌው ወረደ፤ የቀረውን ፉት ብሎ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ለቄሱ አቀረበ።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። “ይኸን ማን አስተማረው?”

“እኔ ነኝ፣ አባ።”

“ከኋላህ የያዝኸውሳ?”

“እሱንም ቅመስልኝ ብሎ ነው። ሁሉም ነገር የሚቀመስ መሰለው።” ስለ ወንድሙም ነገርኳቸው፣ ስለ ገዳሙም፤ እየተንተባተብኩ።

“አበስኩ ገበርኩ” አሉ። ለእኔ ይሁን ለሰውየው አላወቅኩም። ብርጭቆውን ተቀብለው ባረኩት፣ “ነፍስ ይማር” አሉ፣ ተጎነጩ። ለሰውየው ተረጎምኩለት፤ አለቀሰ። ቄሱ አጠገቡ ተቀምጠው አብረውት ቆዩ። ሲነሡ ወደ እኔ ዞረው፣ “ለንስሐ አባትህ ንገር። እሳቸው እስኪፈቅዱልህ መቅደስ እንዳትገባ” አሉኝ። ስለ ሠርጉ አንድም ቃል ሳይናገሩ ወረዱ። መስቀሉንም አልዘረጉልኝም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰሞን ማስታወስ አልወድም። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጸምኩ፤ ፍርሃቱ ግን አልቀለለም። ስልክ በጠራ ቁጥር “ቀርቷል” የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ልብሴን ደጋግሜ አጥቤም ሽታው አለ ብዬ አሸት ነበር። በመጨረሻ ከኩልመስክ ተደወለ፤ “ይምጣ ተብሏል” ብቻ።

ቤታቸው ስገባ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ቄሱ ሰላም አሉኝ፤ መስቀሉን ግን አልዘረጉልኝም። ሽማግሌ ፊት “ጋብቻው ቀርቷል” ሊሉኝ ነው ብዬ ወለል ወለሉን ሳይ፣ እጮኛዬ ጠላ ይዛ መጣች። ቀዳችልኝ። ጥቂት መዳፏ ላይ አፍስሳ ቀመሰች። ጎንበስ ብላ ስታቀብለኝ፣ ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣

“አይዞህ፣ ይሄ አይጨስም” አለችኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካ አባቷ ሁሉንም ነግረዋቸዋል። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና መስቀሉን ከደረታቸው አውጥተው ዘረጉልኝ።

“አሁን ተሳለም” አሉኝ።

በግንባሬም በከንፈሬም ተሳለምኩ።