ለእንቁራሪት የተሠራ ቤት

ዛሬ ጠዋት አየር ጤና የምሠራበት ሕንፃ ደረጃው በበረኪና ተወልውሎ ሽታው ገና በሩ ላይ ተቀበለኝ። ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ደረጃው ሥር ቆምኩ። ጋሽ ለማ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ለማ አስኮ ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ፤ መስታወት ቆራጭ ናቸው። ጣቶቻቸው ሁልጊዜ በፕላስተር እንደተጠቀለሉ ነው። መቁረጫቸው መስታወቱ ላይ ሲንሸራተት የሚያወጣው ድምፅ ጥርሴን ያሳክከኝ ነበር፤ ቢሆንም ከደጃቸው አልጠፋም።

አሥር ዓመቴ ላይ ከወንዝ ዳር አንዲት እንቁራሪት በጣሳ ይዤ መጣሁ። እናቴ ጮኸች። ጋሽ ለማ ግን ስቀው ከቁርጥራጭ መስታወት በሲሊኮን ማጣበቂያ ሳጥን ገጠሙላት፤ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አፈርና ጠጠር፣ ክዳኑ ወንፊት። ጥላ እንድታገኝ ገል ደፉላት።

«ስሚ ልጄ፣ ይቺ የምትጠጣው በአፏ አይደለም፣ በቆዳዋ ነው። የነካት ሁሉ ውስጧ ይገባል። የዝናብ ውሃ ብቻ ስጫት።»

ረቡዕ ረቡዕ ቤታችን የጸሎት ቡድን ይሰበሰባል። እናቴ ሳጥኑ ከሸተተ እንደምትጥለው ዝታለች። እኛ ቤት ደግሞ በረኪና ያልነካው ነገር ንጹሕ አይባልም፤ ባኞው፣ ወለሉ፣ ነጭ ካልሲዬ ሳይቀር። እኔም ሞኟ አንድ ረቡዕ እንቁራሪቷን ጆግ ውስጥ አቆይቼ ሳጥኑን ከነጠጠሩ በበረኪና ፈተግኩት። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው፤ የቀረችኝን የዝናብ ውሃ ለእሷ ብዬ ቆጠብኩ። ሳጥኑን ሳላለቀልቅ በጨርቅ ጠርጌ መለስኳት።

መዝሙሩ ሳያልቅ እግሮቿ ተዘረጉ። አፍሼያት ወደ ጋሽ ለማ በረርኩ። ከእጄ ነጥቀው ከበርሜላቸው የዝናብ ውሃ እየቀዱ ደጋግመው አጠቧት። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላሉ፤ ለእኔ ይሁን ለእሷ እንጃ።

«ምን አስነካሻት? ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም!»

«ምንም! እናቴ ትሙት ምንም!»

መማል በቤታችን ክልክል ነበር። ማልኩ።

ሞተች። ጋሽ ለማ መዳፋቸው ላይ እንደያዟት ቁጭ አሉ።

«ሲሊኮኑ ነው። በደንብ ሳይደርቅ ሰጠሁሽ። እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወይኔ! አንድ ቃል ብተነፍስ ምን ነበረበት? ዝም አልኩ። ሰፈር እስክንለቅ ድረስ ባየኋቸው ቁጥር ዝም አልኩ።

ባለፈው ዓመት አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አወቁኝ።

«ከዚያች እንቁራሪትሽ ወዲህ ለልጅ ምንም ሠርቶ አያውቅም» አሉኝ። «ሲለምኑት ‹እጄ መርዝ ነው› ይል ነበር።»

እዚያው ድንኳን ውስጥ በረኪናውንም መሐላዬንም ዘረገፍኩላቸው። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ምነው ልጄ» አሉ፣ «እሱ እያለ ብትነግሪው?»